ያየነውን እንዘምር ዘንድ

ለመዝሙር ጸሓፊዎች የሚሆን ጥናት፤ ከጁባ የተጻፈ



በጉባኤዎቻችን መካከል መዝሙር የሚጽፉ ወጣቶች ቍጥራቸው እየበዛ መሄዱ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ዳሩ ግን የሚጽፉትን ስናነበው ብዙውን ጊዜ አንድ ጕድለት እናገኝበታለን፤ ይኸውም ስለ ተራራና ስለ ወንዝ፥ ስለ አበባና ስለ ከዋክብት የተነገረው ቃል ሁሉ ከሌላ መዝሙር የተቀዳ እንጂ ጸሓፊው ወጥቶ በዓይኑ ያየው አለመሆኑ ነው። እኛ በጁባ ከተማ የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ይህን ጕድለት ከእናንተ ይልቅ በግልጥ እናየዋለን። ከደጋ የመጣ ወጣት በመጋቢት ወር ሙቀት ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ ሳለ ስለ ማለዳ ውርጭና ስለ አደይ አበባ ይጽፋል። የናፍቆት መዝሙር ቢሆን ኖሮ ነቀፋ ባልነበረበትም፤ እርሱ ግን የሚጽፈው እግዚአብሔር ዛሬ ስላደረገለት ነገር ነው። በደጁ የሚያልፈውን ወንዝ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አልተመለከተውም።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት ከቤት ወጥቶ ከሰማይ በታች ተቀምጦ ያዩትንና የሰሙትን በግጥም ስለ መጻፍ እናጠናለን። ምሳሌዎቹን የምናመጣው ካለንበት ከጁባ ነው፤ ሥርዓቱ ግን በጣርማ በር ጉም ውስጥ ለሚኖረውም፥ በጎጃም በጤፍ ማሳ ዳር ለሚኖረውም የሚሆን ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ጽፈናል።

1ኛ፤ በደጃችን ያለው

ጁባ ከነጭ ዓባይ በስተ ምዕራብ ዳር የተሠራች፥ ከሐምሌ 9 ቀን 2011 ጀምሮ የነጻይቱ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ የሆነች አገር ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፥ ከ2,800 ሜትር ከሚነፍሰው ከደብረ ብርሃን ነፋስ የመጣ ሰው መጀመሪያ ሙቀቱ ይከብደዋል። በመጋቢት 2024 መንግሥት ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ስለ ተፈራ ትምህርት ቤቶችን ሁሉ ዘጋ፤ በሚከተለውም ዓመት በየካቲት እንዲሁ ተደረገ። ዝናቡ በሚያዝያ ገደማ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ወይም እስከ ኅዳር ይቈያል።

ወንዙን ሰዎች በዐረብኛ ባሕር ኤል ጀበል ይሉታል፤ ትርጓሜው የተራራው ወንዝ ማለት ነው። ውኃው ከቪክቶሪያና ከአልበርት ሐይቆች ወርዶ በኒሙሌ በኩል የሚመጣ ነው። የእኛ ዓባይ ከጣና ወጥቶ እስከ ካርቱም ድረስ አያገኘውም፤ ስለዚህ በጁባ የምናየው ውኃ የዓባይ ወንድም እንጂ ዓባይ አይደለም። ከቦር ወደ ሰሜን ሲወርድም ሱድ ወደሚባለው ታላቅ ረግረግ ይገባል፤ በዚያም ከውኃው እኩሌታ ያህሉ በፀሐይ ተንኖ ይቀራል። በረግረጉ ውስጥ ደንገል ይበቅላል፤ ምንቃሩ ጫማ የሚመስል ታላቅ ወፍም ዓሣ ሲያደን ሳይንቀሳቀስ ብዙ ሰዓት ይቆማል። በጣና ዳር ያሉ ወንድሞቻችን የሚያውቁት እንቦጭ በዚህም አለ፤ ሥር ሳይሰድ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል።

በከተማዪቱም ውስጥ ማንጎና ኒም በየግቢው ጥላ ይሰጣሉ። አባ ኮዳ በቆሻሻ ክምር ላይ እንደ ሽማግሌ ዳኛ አንገቱን ቀብሮ ይቆማል፤ ጭልፊት ከገበያው በላይ ትዞራለች። ከወንዙ ውኃ የሚቀዱ ቦቴዎች በዳር ተራ ይጠብቃሉ። በስተ ምዕራብም ጀበል ኩጁር የሚባለው ድንጋያማ ኰረብታ በማለዳ ብርሃን ቀይ ሆኖ ይታያል።

ከወንዙ ማዶ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት ድንቅ ነገር አለ። በ2023 በአውሮፕላን ተደርጎ በ2024 ውጤቱ የተነገረው ቈጠራ እንዳስረዳው፥ በባዲንጊሎና በቦማ ፓርኮች በዙሪያቸውም ባለው ሜዳ ስድስት ሚሊዮን ያህል ነጭ ጆሮ ቆርኬና የመሰሉት እንስሳት በየዓመቱ ዝናቡን እየተከተሉ ይሰደዳሉ። ከነዚህም አንዳንዱ መንጋ ድንበሩን አልፎ ወደ ጋምቤላ ይገባል። እንግዲህ መዝሙር ጸሓፊ በዚህ አገር ተቀምጦ የሚጽፈው ነገር አጣሁ ቢል፥ ያጣው ነገርን ሳይሆን መመልከትን ነው።

2ኛ፤ ከእኛ በፊት ወደ ውጭ የወጡት

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ፥ ትውፊቱ እንደሚነግረን፥ ትምህርት አልገባው ብሎ ተስፋ በቈረጠ ጊዜ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ስትደክም ተመለከተ። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ወጣች፤ እርሱም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ዜማውንም ከወፎች እንደ ተማረ ይኸው ትውፊት ይናገራል። ትውፊቱን ሰው እንደ ፈቀደ ይቀበለው፤ ነገር ግን አገራችን የዜማዋን መጀመሪያ ስትተርክ ሰውዬውን በዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲመለከት ማሳየቷ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የቅኔ ቤት ሥርዓትም ይህንኑ ያስተምረናል። በጎጃምና በዋድላ የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ምሥጢሩን ከተቀበለ በኋላ ወደ ዱር ወይም ወደ ሜዳ ለብቻው ወጥቶ ቅኔ ይቈጥራል፤ ወደ ማታም ተመልሶ የቈጠረውን በመምህሩ ፊት ያሰማል፤ መምህሩም ያርመዋል። በዚህ ሥርዓት ሁለት ነገሮች አብረው እንደሚሄዱ ተመልከቱ፤ አንዱ ብቻን መሆን ነው፥ ሁለተኛው ለመታረም መመለስ ነው። ወጥቶ የማይመለስ በራሱ ሐሳብ ይጠፋል፤ ሳይወጣ የሚያሰማም የሌላውን ቃል ይደግማል።

በእኛም ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ምሳሌ አናጣም። ማርቲን ሉተር በ1530 የአውግስቡርግ ጉባኤ ሲደረግ በኮቡርግ ግንብ ተቀምጦ ሳለ፥ በመስኮቱ ፊት ለፊት ስለሚጮኹ ቁራ መሰል ወፎች ለወዳጆቹ በደብዳቤ ጻፈ፤ እነርሱም እንደ መሳፍንቱ ጉባኤ ተሰብስበው የሚከራከሩ መስሎ እንደ ታየው እየቀለደ ነገራቸው። በጭንቅ ቀን እንኳ ወፎቹን መመልከት አልተወም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ስለ ጳውሎስ ጌርሃርት ልናስብ ይገባናል። በጀርመን አገር ከ1618 እስከ 1648 ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጦርነት ነበረ። የጌርሃርት የትውልድ ከተማ ግሬፈንሃይኒሽን በ1637 በወታደሮች ተቃጠለች። ጦርነቱ ከቆመ ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1653፥ በበጋ ወራት ልብን ወደ ውጭ እንዲወጣ የሚጠራ የእርሱ መዝሙር ታተመ። ጌርሃርት በዚያ መዝሙር ፍጥረትን በጅምላ አላመሰገነም፤ ዶሮዪቱን ከጫጩቶችዋ ጋር፥ ሽመላውን፥ ጨረባዪቱን፥ ንቡን፥ ስንዴውን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ አለፈ እንጂ። አገሩ በተቃጠለ ሰው አፍ ውስጥ ይህ ቍጥር ከንቱ ጌጥ አይደለም። እሳቱ ያልፈጀውን፥ ወታደሩም ያልወሰደውን እንደሚቈጥር ባለ ቤት ሆኖ ነበር የሚጽፈው።

ካርል ቦበርግም የስዊድን ሰው ነበረ፤ በመጀመሪያ መርከበኛ፥ ኋላም ሰባኪ ሆነ። በ1885 በሜንስቴሮስ አጠገብ ሲሄድ ድንገት ነጐድጓድና ዝናብ መጣ፤ ወዲያውም ፀጥ አለ፥ የደወልም ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የጻፈው ግጥም በሚቀጥለው ዓመት በአገሩ ጋዜጣ ታተመ። ግጥሙም ከስዊድን ወደ ጀርመን፥ ከጀርመን ወደ ሩሲያ ቋንቋ ተተረጐመ፤ ስቱዋርት ሃይን የሚባል እንግሊዛዊ ወንጌላዊም በካርፓትያ ተራሮች አካባቢ በሩሲያ ቋንቋ ሰምቶ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፥ የራሱንም ስንኞች ጨመረበት። ዛሬ በዓለም ሁሉ ይዘመራል። አንድ ሰው በአንድ ቀን በአንድ ስፍራ በእርግጥ ያየው ነገር ለብዙ ሕዝብ እንደሚበቃ ከዚህ እንማራለን። ለሁሉ እንዲሆን ተብሎ በጅምላ የተጻፈ ግን ብዙ ጊዜ ለማንም አይሆንም።

3ኛ፤ ጎረቤቶቻችን የሚያስተምሩን

በጁባ የምንኖር እኛ ከመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከባለ አገሮቹም የምንማረው አለን። ከጁባ ወደ ሰሜን በወንዙ ዳር ሙንዳሪዎች ከብታቸውን ይጠብቃሉ። ወደ ማታ መንጋው ሲሰበሰብ የደረቀውን እበት አቃጥለው በጭሱ ትንኝን ያባርራሉ፥ አመዱንም ገላቸውን ይቀቡታል። ወጣቱም ለሚወደው በሬ ይዘፍናል።

በዲንካዎችም ዘንድ እንዲሁ ነው። ጐልማሳ የሚዘፍንለት በሬ አለው፤ የዘፈኑም ቃል ከበሬው መልክና ከቀንዱ አኳኋን ይነሣል። ጐድፍሬ ሊንሃርት የተባለው ምሁር በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፥ የዲንካ ቋንቋ የከብትን መልክ ከዱር ፍጥረት ጋር አያይዞ ይጠራዋል፤ ለምሳሌ ራሱ ነጭ ሆኖ ሌላው አካሉ ጥቍር የሆነ በሬ በዓሣ አዳኙ ንስር ስም ይጠራል። ከዲንካ ወገን የሆነው ፍራንሲስ ማዲንግ ዴንግም በ1973 የሕዝቡን ዘፈኖች ሰብስቦ በመጽሐፍ አወጣ። እነዚህ ሰዎች ግጥም ከመማራቸው በፊት መመልከትን ተምረዋል፤ በሬውን ከሌላው በሬ በመልኩ መለየት የማይችል በዘፈኑ ይታፈራልና።

ወንጌል ወደ ቦር ዲንካዎች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በማሌክ በኩል በገባ ጊዜ የሚዘመረው ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ መዝሙር ነበረ። በ1964 የውጭ ወንጌላውያን ከሱዳን ተባረሩ፤ በ1983ም እስከ 2005 የቈየው ጦርነት ተነሣ። በዚያ ጊዜ ከሕዝቡ ብዙው ወደ አገራችን ተሰደደ፤ ኢታንግና ፒኙዶ በጋምቤላ፥ ዲማም በደቡብ፥ እስከ 1991 ድረስ መጠጊያ ሆኑላቸው። በዚያው ዓመት በቦር አገር ብዙ ሕዝብ ተገደለ፥ ከብቱም ተነዳ። ዲንካዎችም ከብታቸውንና ቤታቸውን ባጡበት በዚህ ዘመን በራሳቸው ቋንቋና በራሳቸው ዜማ እጅግ ብዙ መዝሙር አወጡ፤ ይልቁንም ሴቶችና ወጣቶች። ሜሪ አሉኤል ጋራንግ የምትባል የቦር ሴት በመዝሙሮችዋ በሕዝቡ ሁሉ ታወቀች። ማርክ ኒከል የሚባል አሜሪካዊ ካህንም እነዚህን መዝሙሮች ሰብስቦ አጠና፤ እርሱ በ2000 ካረፈ በኋላ መጽሐፉ በ2001 ታተመ።

ከራሳችን ወገን ደግሞ አስቴር ጋኖን እናስባለን። በምጥዋ አጠገብ በምኩሉ ሳለች የኦሮሞን ተረትና ምሳሌ፥ ዘፈንም ሰበሰበች፤ ይህም በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ገባ። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ለ1899ኙ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የደከመች ይህች ሴት፥ የእረኛና የገበሬ ቃል ለእግዚአብሔር ነገር የማይበቃ ነው ብላ አልናቀችውም።

4ኛ፤ የአሠራሩ ሥርዓት

እንግዲህ ወደ ሥራው እንምጣ። የሚከተለውን በቅደም ተከተል ብትፈጽሙ ይጠቅማችኋል።

ሀ) አንድ ስፍራ ምረጡ፤ ወደዚያም ደጋግማችሁ ሂዱ። በየቀኑ አዲስ ስፍራ የሚፈልግ ሰው መንገደኛ ይሆናል እንጂ ተመልካች አይሆንም። አንዱን የማንጎ ዛፍ በማለዳ፥ በቀትር፥ በምሽትም እዩት። በጁባ ለሚኖሩ ደግሞ ይህን ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን፤ ከጦርነቱ የቀረ ፈንጂ አሁንም በየስፍራው ይገኛልና ከተመላለሱበት መንገድ አትውጡ፥ በወንዙም ዳር አዞ መኖሩን አትርሱ። ባለ አገር ሳይመራችሁ ሩቅ አትሂዱ።

ለ) አንድ ሰዓት ያህል ዝም በሉ። በመጀመሪያ ብዕር አታንሡ። ዓይን ቶሎ ይጠግባል፤ ጆሮ ግን ቀስ ብሎ ይነቃል። የጭልፊቷን ፉጨት፥ የቦዳ ቦዳውን ሞተር፥ ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ሳቅ ለዩ። የሰው ድምፅ ፍጥረትን ያበላሻል ብላችሁ አታስቡ፤ የ104ኛው መዝሙር ባለቤት ሽመላውንና ሽኮኮውን ሲቈጥር ወደ ሥራው የሚወጣውን ሰውና በባሕር የሚሄደውን መርከብም አልተወም።

ሐ) እያንዳንዱን በስሙ ጥሩ። ወፍ ብላችሁ አትለፉ፤ አባ ኮዳ ከሆነ አባ ኮዳ በሉት። ዛፍ ብላችሁ አትለፉ፤ ግራር ነው ወይስ ኒም? ስሙን ካላወቃችሁ እረኛውን ወይም ዓሣ አጥማጁን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከስሙ ጋር ታሪኩንም ይነግራችኋል፤ በዚህም ከጎረቤታችሁ ጋር ወዳጅነት ታገኛላችሁ።

መ) ያያችሁትን መጀመሪያ በተራ ንግግር ጻፉት። ውብ፥ ድንቅ፥ ግሩም የሚሉትን ቃላት በዚህ ጊዜ ከልክሉ። እነዚህ ቃላት ጸሓፊው ምን እንደ ተሰማው ይናገራሉ እንጂ ምን እንዳየ አይናገሩም። በትክክል የታየ ነገር በተነገረ ጊዜ አድማጩ ራሱ ግሩም ነው ይላል።

ሠ) ትምህርቱን ለማውጣት አትቸኵሉ። ብዙ ወጣቶች ወፍ ባዩ ጊዜ ወዲያው ወፊቱ ነፍሴ ናት ይላሉ፤ ወንዝም ባዩ ጊዜ ወንዙ ጸጋ ነው ይላሉ። እንዲህ ሲሆን ወፊቱም አልታየችም፥ ነፍስም አልተገለጠችም። በአገራችን ሰምና ወርቅ ጥበብ ወርቁ የሚያምረው ሰሙ ደኅና ሆኖ ሲሠራ ነው። ሰሙ ከተሰነጠቀ ወርቁ መልክ ሳይዝ ይፈስሳል። ስለዚህ የጻፋችሁትን ጥቂት ቀን አቈዩት፤ ወርቅ ያለው ከሆነ ራሱ ይወጣል።

ረ) ከዚህ በኋላ ልኩን ምረጡ። በአማርኛ ግጥም ብዙ ጊዜ የምንሠራባቸው ሦስት ልኮች አሉ። የወል ቤት በአንዱ ስንኝ 12 ቀለም ያለው፥ በመካከሉም ተከፍሎ 6 እና 6 የሚሆን ነው፤ ለትረካና ለጸሎት ይስማማል። ሰንጎ መገን 10 ቀለም ሆኖ 5 እና 5 ይከፈላል። ቡሄ በሉ 8 ቀለም ሆኖ 4 እና 4 ይከፈላል፤ እርሱም ለልጆች መዝሙርና ለእልልታ ፈጣን ነው። ስትቈጥሩ በፊደል ሳይሆን በድምፅ ቍጠሩ፤ ወንዙ የሚለው ቃል ሦስት ፊደል ነው፥ በአፍ ግን ሁለት ቀለም ነው። ማኅበሩ እስትንፋስ የሚወስደው በእኩሌታው ላይ ስለ ሆነ አንዱን ቃል ከሁለት አትክፈሉበት።

ሰ) በመጨረሻ መልሳችሁ አሰሙት። ማንበብ የማያውቁ አንዲት እናት ሰምተው ያልገባቸው ስንኝ ቢኖር እርሱን አርሙ። መዝሙር በብቻ ይወለዳል፤ የሚኖረው ግን በማኅበር አፍ ነው።

5ኛ፤ ምሳሌ

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ ለዚህ ትምህርት ብለን ያዘጋጀናቸውን ስንኞች እንመልከት። የመጀመሪያው ይህ ነው፤

እንዴት ያምራል ወንዙ፥ እንዴት ያምራል መስኩ፤
እንዴት ያምራል ሰማይ፥ እንዴት ያምራል መልኩ።

ልኩ የወል ቤት ነው፥ ቀለሙ አይጐድልም፥ ቤቱም ይመታል። ሐሰትም የለበትም። ነገር ግን መስኮቱን ዘግቶ በጓዳ የተቀመጠ ሰው ሊጽፈው ይችላል። የትኛው ወንዝ፥ በየትኛው ወር፥ በየትኛው ሰዓት እንደ ሆነ አናውቅም፤ የሚዘምረውም ሰው ምንም ሳያስብ ሊጨርሰው ይችላል።

አሁን ደግሞ የደረቁ ወራት አልቀው የመጀመሪያው ዝናብ በጁባ የሚዘንብባትን ሌሊት እናስብ። አቧራው ለወራት በማንጎው ቅጠል ላይ ተኝቷል፤ ሰው በሙቀቱ እንቅልፍ አጥቷል። ሌሊት ቆርቆሮው ድንገት ይጮኻል። ይህን በተራ ንግግር ከጻፍን በኋላ ወደ ልኩ ስናገባው እንዲህ ሊሆን ይችላል፤

ሌሊት በቆርቆሮ፥ ዝናብ ሲያንኳኳ፤
ቤቱ ሁሉ ነቃ፥ ሕፃናቱም እንኳ።
ደጁን ሳንከፍተው፥ ሽታው ገባ ከቤት፤
ምሕረትህ ደረሰ፥ ለደረቀው መሬት።

በነዚህ አራት ስንኞች ውስጥ ውብ የሚል ቃል የለም። ቆርቆሮ፥ ሕፃናት፥ ደጅ፥ ሽታ አሉ። ዝናቡ እንደ እንግዳ ማንኳኳቱ ሰሙ ነው፤ ደጅ ሳይከፈትለት መግባቱ ደግሞ ወደ ወርቁ ያደርሰናል፤ ምሕረት ሰው ሳይከፍትለት ቀድሞ የሚመጣ ነውና። ይህን ግን በግልጥ አልተናገርነውም፤ ምሕረት የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው ስንኝ አዘገየነው። ቃሉ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ዝናቡን ማንም ባልሰማው ነበር።

6ኛ፤ ያላማረውን አለመደበቅ

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ስለ መልካሙ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ቢቆም ትምህርታችን ጐደሎ፥ በጁባም ላይ የሚያሾፍ ይሆናል። ይህች ከተማ በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 ጦርነት በመካከልዋ ተደርጓል፤ የሰላም ውሉም በመስከረም 2018 በአዲስ አበባ ተፈርሟል። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ለተከታታይ ዓመታት ታላቅ የጐርፍ ውኃ አገሪቱን አጥለቅልቋል፤ ከ2021 ጀምሮ የቤንቲው ከተማ በውኃ ተከብባ ሕዝቡ በአፈር ግድብ ተጠልሎ ኖረ። በዚህ አገር ወንዝ ማለት የሚጠጡት ብቻ አይደለም፤ የሚሸሹትም ነው። ዝናብም እንዲሁ።

እንግዲህ ጐጆው ፈርሶበት ከልጆቹ ጋር በጉባኤ የተቀመጠ ሰው ከላይ የጻፍነውን የዝናብ መዝሙር እንዴት ይዘምር? ዝም ቢል ይሻለዋልን? መዝሙረ ዳዊትን ብንመረምር መልሱን እናገኛለን። በ29ኛው መዝሙር ነጐድጓዱ የእግዚአብሔር ድምፅ ሆኖ ይከብራል፤ በ69ኛው መዝሙር ደግሞ ውኃ እስከ ነፍሱ የደረሰበት ሰው በጭቃ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ተጽፈዋል፥ በአንድ ጉባኤም ተዘምረዋል። አንዱ ሌላውን አላሳፈረውም። ስለዚህ በምሳሌያችን ላይ እነዚህን ሁለት ስንኞች ብንጨምር እንጂ ብንቀንስ አይገባንም፤

ያው ዝናብ ሲበዛ፥ ጎጆውን ያፈርሳል፤
አንተን የጠራ ሰው፥ ወዴት ይመለሳል?

አንዳንድ ሰው መዝሙር በጥያቄ ሊያልቅ አይገባውም ይል ይሆናል። እኛ ግን ጥያቄው የክሕደት ጥያቄ አይደለም እንላለን፤ የሚጠይቀው የጠራውን ነው፥ ከእርሱም ፊት አልሄደም። መልሱን ቸኵለን በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ስንኝ ብንሰጠው፥ ቤቱ የፈረሰበት ሰው እኛን እንጂ እግዚአብሔርን ያልሰማ ይሆናል። ጥያቄውን ከእርሱ ጋር ብንዘምርለት ግን ብቻውን አልተውነውም። ጌርሃርትም ከጦርነት በኋላ፥ የቦር ሴቶችም በስደት ሰፈር የዘመሩት ኀዘን ለሌለበት ሕዝብ አልነበረም።

በፍጥረት ላይ ያለ ግጥም ትልቁ ፈተና እንግዲህ ይህ ነው፤ ያማረውን ብቻ መርጦ ማየት። ዓይናችሁን ለአበባ የከፈታችሁ እንደ ሆነ፥ ከአበባው አጠገብ ውኃ በራስዋ ተሸክማ የምታልፈውን ልጅ እግርም ታያላችሁ። ጫማ የላትም። እርስዋም በመዝሙሩ ውስጥ ስፍራ ሊኖራት ይገባል።

7ኛ፤ ለማኅበር የሚሆን ሥራና ጥያቄ

በእናንተ ጉባኤ መዝሙር ጸሓፊዎች ተሰብስበው ይህን ጥናት ቢያጠኑ የሚከተለውን ያድርጉ።

አንደኛ፤ በሳምንቱ ውስጥ እያንዳንዱ ወደ አንድ ስፍራ ሦስት ጊዜ ይውጣ፤ ያየውንም በአሥር ዐረፍተ ነገር በተራ ንግግር ይጻፍ። በጽሑፉ ውስጥ በስማቸው የተጠሩ ቢያንስ አምስት ፍጥረታት ይኑሩ።

ሁለተኛ፤ ከአሥሩ ዐረፍተ ነገር አንዱን ብቻ መርጦ በወል ቤት በአራት ስንኝ ይጻፈው። ቀለሙን በጣቱ እየቈጠረ ይመርምር።

ሦስተኛ፤ በጉባኤያችሁ መዝሙር ውስጥ ስለ ተራራ፥ ስለ ወንዝ፥ ስለ ዝናብ የሚናገረውን አንዱን መዝሙር አንሥታችሁ፥ ጸሓፊው ያየው ነገር ምን እንደ ሆነ ተጠያየቁ። በቃሉ ውስጥ ማስረጃ አግኝታችኋልን?

አራተኛ፤ በሰፈራችሁ ዘንድሮ በረዶ ወይም ጐርፍ ወይም ድርቅ የጐዳው ማን ነው? እርሱ በተቀመጠበት መዝሙራችሁ ሳያሳፍረው ሊዘመር ይችላልን? ካልቻለ የሚጐድለው ስንኝ የትኛው ነው?

አምስተኛ፤ ከጻፋችሁት መካከል አንዱን ማኅበሩ ይምረጥ፤ ለጎረቤት ሽማግሌ ወይም ለእረኛ ይነበብለት። ስለ ላሙ፥ ስለ ወፉ፥ ስለ ዛፉ የተጻፈው ትክክል ካልሆነ እርሱ ያርማችኋል፤ እርማቱንም በደስታ ተቀበሉ። ከታረመ በኋላ ዜማ ስጡትና በሚመጣው እሑድ ለጉባኤው አሰሙት።